«ከነሙሉ ዕቃው»፦ የድሪል ሳጥን አደራጀትና የጋራ ንብረት አያያዝ

(በዩኒየኑ የምስረታ በዓል ላይ ለአባላትና ለእንግዶች የቀረበ ንግግር)



በምስረታ በዓል ዕለት ስለ መጋዘን፣ ስለ ማዳበሪያ አቅርቦትና ስለ ትርፍ ክፍፍል መናገር የተለመደ ነው። ይህ ንግግር የሚያተኩረው ግን በአንድ እጅ በሚያዝ ዕቃ ላይ ነው፤ የጥገና ሠራተኛው ወደ ቀበሌ ሲወጣ አንጠልጥሎት በሚሄደው የድሪል ሳጥን ላይ።

የመስኖ ሽንኩርት ውሃ በሚፈልግበት ሰሞን የአንድ ማኅበር ሞተር ፓምፕ ብሎኑ ውስጥ ተሰብሮ ቀረ እንበል። ጥገናው የታወቀ ነው። የተሰበረው ብሎን መሐሉ ላይ ምልክት ይደረግበታል፤ በቀጭን ፑንታ ይበሳል፤ ቀዳዳው በወፍራም ፑንታ ሰፋ ተደርጎ ቅሪቱ ይወጣል። ሠራተኛው ጄኔሬተር አስጭኖ ማሳው ድረስ ይሄዳል። ሳጥኑን ሲከፍት ድሪሉ አለ፤ ፑንታውን የምታጠብቀው ትንሽ ቁልፍ ግን የለችም። ያለ እርሷ ፑንታው ጠብቆ አይያዝም። ስለዚህ ሥራው ይቆማል፤ ሽንኩርቱም ውሃ ሳያገኝ ያድራል።

ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። ወደ ንብረት ክፍል ሲመለስ ክርክር ይነሳል። በንብረት ወጪ ደረሰኙ፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሞዴል 22 በሚባለው ዓይነት ሰነድ ላይ፣ የተጻፈው «ድሪል ከነሙሉ ዕቃው፣ ብዛት 1» ይላል። ንብረት ጠባቂው «ሙሉውን አስረክቤያለሁ» ይላል፤ ሠራተኛው «ስቀበል አልነበረችም» ይላል። ሁለቱም በቅንነት ሊናገሩ ይችላሉ፤ «ሙሉ ዕቃ» የሚለው ቃል ስንት ዕቃ እንደሆነ አይገልጽምና። የቁልፏ ዋጋ ጥቂት ነው። በባልደረቦች መካከል የሚገባው ጥርጣሬ ግን በቀላሉ አይወጣም።

ችግሩ የሚጀምረው ከሳጥኑ አሠራር ነው። ብዙ ጊዜ ከፋብሪካ የሚመጣው የፕላስቲክ ሳጥን ለድሪሉ፣ ለገመዱና ለጎን እጀታው ብቻ ቦታ አለው። ትናንሾቹ ዕቃዎች በየክፍተቱ ይጣላሉ። በመንገድ መንገጫገጭ ፑንታዎቹ እርስ በርስ ይጋጫሉ። በተለይ የግንብ ፑንታ ጫፉ ላይ የተበየደው ጠንካራ ብረት ተሰባሪ ስለሆነ ይሸረፋል። መፍትሔው ለእያንዳንዱ ዕቃ በልኩ ማደሪያ ማበጀት ነው፤ የሚያስፈልገውም ቁሳቁስ በየአካባቢው የሚገኝ ነው።

በመጀመሪያ ዕቃው ሁሉ በጨርቅ ላይ ተዘርግቶ ይቆጠራል። ቁልፉ፣ የጥልቀት መለኪያ ዘንጉ፣ የብረት፣ የእንጨትና የግንብ ፑንታዎች፣ የካቻቢቴ ጫፎች፣ ለሞተሩ መለወጫ የሚሆን ጥንድ ካርቦን በየተራ ይመዘገባሉ። ለመስክ ሥራ የማያስፈልገው በመደርደሪያ ይቀራል፤ ሁሉን ልያዝ ያለ ሳጥን አይከደንም።

ሁለተኛው ሥራ ከክዳኑ በታች ያለውን ከፍታ ማወቅ ነው። በፌስታል የተጠቀለለ ድቡልቡል ሊጥ ሊሠራበት በታሰበው ቦታ ላይ ይቀመጥና ክዳኑ ይዘጋል። ሲከፈት የተጨፈለቀው ሊጥ ቁመት ለማደሪያው የሚፈቀደውን ከፍታ ያሳያል። ይህ ሳይለካ የተሠራ ማደሪያ ክዳኑን አላስዘጋ ይላል፤ በጉልበት ሲዘጋም ማጠፊያው ይሰበራል።

ከዚያ በኋላ ዕቃዎቹ በካርቶን ላይ ተደርድረው ዙሪያቸው በእርሳስ ይሰመራል። በዚህ ንድፍ መሠረት ወፈር ያለ ስፖንጅ ወይም ያረጀ ነጠላ ጫማ ሶል በስለታም ቢላ ይቆረጣል። ከሥሩ ሌላ ቀለም ያለው ስስ ንጣፍ በኮላ ይጣበቃል፤ ላዩ ጥቁር ከሆነ ሥሩ ቢጫ ይሁን። አንድ ዕቃ ሲጎድል ቢጫው ከሩቅ ይታያል። በአውሮፕላን ጥገና ሥራም መሣሪያዎች በዚሁ ዘዴ ይቀመጣሉ፤ ምክንያቱም አንድ የተረሳ መሣሪያ አደጋ ሊያመጣ ይችላል። በእያንዳንዱ ማደሪያ ጎን ጣት የሚያስገባ ክፍተት መተው ያስፈልጋል፤ አለዚያ ሠራተኛው ዕቃውን በካቻቢቴ እየፈለቀቀ ስፖንጁን ይቀደዋል። ካርቦኖቹ ትንንሽ ስለሆኑ ክዳን ባለው የመድኃኒት ብልቃጥ ቢቀመጡ ይሻላል።

ለፑንታዎቹ የዋንዛ ቁራጭ እንጨት ይመረጣል። ለእያንዳንዱ ፑንታ ከውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ሰፋ ያለ ቀዳዳ ይበሳና ልኩ በጎኑ ይጻፋል። በፑንታው አንገት ላይ የተቀረጸው ቁጥር በጊዜ ብዛት ስለሚጠፋ ቀዳዳው ራሱ መለኪያ ሆኖ ያገለግላል፤ የ6 ሚሊ ሜትር ፑንታ በ5ቱ ቦታ አይገባም። የግንብ ፑንታ ግን ጭንቅላቱ ከአንገቱ ሊሰፋ ስለሚችል የሚለካው አንገቱ ነው። እንጨቱ በኮላ አይጣበቅም፤ በራሱ ማደሪያ ተኝቶ፣ ለሥራ ሲፈለግ ከነፑንታዎቹ ይነሳል።

በመጨረሻም የዕቃዎቹ ዝርዝር ከነብዛታቸው በወረቀት ተጽፎ፣ በፕላስተር ተሸፍኖ፣ በክዳኑ ውስጥ ይለጠፋል። የወጪ ደረሰኙም ከእንግዲህ «ከነሙሉ ዕቃው» ከማለት ይልቅ «በክዳኑ ላይ በተለጠፈው ዝርዝር መሠረት» ይበል። ርክክብ የሚደረገው ሳጥኑ ተከፍቶ፣ ሰጪና ተቀባይ ባሉበት ነው።

አጠቃቀሙም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከሥራ በኋላ ፑንታው ከድሪሉ ይወልቃል፤ የጋለ ፑንታ ስፖንጅ ስለሚያቀልጥ እስኪበርድ ይጠበቃል። የድሪሉ የአየር መግቢያ ከገለባና ከአቧራ ይጸዳል። ፑንታዎቹ ዘይት በነካው ጨርቅ ቢጠረጉ ዝገት አይይዛቸውም።

ይኸው ዘዴ ለመርጫ መሣሪያ አፍንጫዎችና የጎማ ቀለበቶች፣ ለበቆሎ መፈልፈያ ብሎኖችም ይሠራል። ፀረ ተባይ የነካው ዕቃ ግን የራሱ ሳጥን ሊኖረው ይገባል እንጂ ከሌላው ጋር መቀላቀል የለበትም።

ክቡራን ተሳታፊዎች፤ አዋጅ ቁጥር 985/2009፣ ከእርሱ በፊት እንደነበረው አዋጅ ቁጥር 147/1991 ሁሉ፣ የማኅበራት ሂሳብ በኦዲተር እንዲመረመር ይደነግጋል። ኦዲተሩ የሚመጣው ግን ቀኑን ጠብቆ ነው፤ የጠፋችው ቁልፍ የምትፈለገው ደግሞ ዛሬ፣ ማሳው ላይ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ጉድለቱ መታወቅ ያለበት ሳጥኑ ከግቢ ሳይወጣ ነው። በልኩ የተደራጀ ሳጥን ሲከፈት ቢጫው ከታየ ሰጪውም ተቀባዩም እኩል ያዩታል። ያን ጊዜ «ማን ወሰደው?» ብሎ መካሰስ ይቀርና የጎደለው ተተክቶ ወደ ፓምፑ ይኬዳል።

መልካም የምስረታ በዓል ይሁን።