ከአፍ ተነሥቶ ልብ ላይ የሚያርፍ ትኩሳት



በእድራችን መዝገብ ላይ የሟቹን ሕመም የምንጽፍበት ዓምድ አለ። ጸሐፊ ሆነን ባገለገልንባቸው ዓመታት «በትኩሳት» እያልን የሞላነው ስንቱን ነው! ሐኪም የነገረን ካልኖረ ሌላ ምን እንጽፋለን?

አንዲቱ ግን ከኅሊናችን አልጠፋችም። የጎረቤታችን ልጅ ነበረች። በልጅነቷ ቶንሲል እየተመላለሰባት ልቧን ነክቷት በየወሩ መርፌ ትወጋ ነበር። ጥርሷን ከተነቀለች ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ማታ ማታ ያተኩሳት፣ ላብ ያጠምቃት ጀመር። አንዱ ታይፎይድ ነው አለ፣ ሌላው ወባ ነው አለ። ክኒን ትውጣለች፣ ሦስት ቀን ይሻላታል፣ ደግሞ ይነሣባታል። በሦስተኛው ወር ጡሩምባው ተነፋ።

ኋላ ሐኪም ጠይቀን የተረዳነው እንዲህ ነው። ቶንሲል የሚያሳብጠው ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ተሕዋስ ብዙ ዘመዶች አሉት። አንዱ ወገን ቪሪዳንስ ይባላል፤ ቤቱ አፋችን፣ ጥርስና ድዳችን ነው። ጥርስ ሲነቀል፣ ሲፋቅም እንኳ፣ ጥቂቱ ወደ ደም ይገባል። በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ ብዙ አይቆይም። ቫልቭ የሚባለው የልብ በር የተጎዳ እንደሆነ ግን እዚያ ተጣብቆ ይራባል፤ በሩንም እየበላ ይሄዳል። ትኩሳቱ ቀስ ያለ ነው፤ ሰውነት ይከሳል፣ ምግብ ይዘጋል፣ መገጣጠሚያ ይቆረጥማል።

የድሃ አገር ሕመም ብቻ አይምሰለን። ጉስታቭ ማህለር የተባለው የኦስትሪያ የሙዚቃ ደራሲ የልቡ በር ጉድለት እንዳለበት በ1907 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ተነግሮት ነበር። በ1911 ኒውዮርክ ሳለ ታመመና ደሙ ቢመረመር ስትሬፕቶኮከስ ተገኘበት። ሐኪሞቹ በሽታውን ዐወቁት፤ መድኃኒት ግን ከየት ይምጣ? ፔኒሲሊን የተገኘው በ1928 ነው። ሰውዬው በዚያው በ1911 በ50 ዓመቱ ቪየና ላይ ሞተ።

ዛሬ መድኃኒቱ አለ። ፔኒሲሊን በደም ሥር፣ አብዛኛውን ጊዜ ለ4 ሳምንት ይሰጣል። ጭንቁ በሽታውን ማወቁ ላይ ነው። ደም ከተለያየ ቦታ እስከ ሦስት ጊዜ ተቀድቶ ተሕዋሱ እስኪበቅል ቀናት ይጠበቃል፤ ብለድ ካልቸር የሚሉት ይኸው ነው። ክኒን አስቀድሞ ከተዋጠ ላይበቅል ይችላል። ያቺ ልጅ ሦስት ሦስት ቀን የሚያሽላት ክኒን ሕመሙን ሸሸገው እንጂ አልነቀለውም ይሆናል።

ቦቪስ የሚባል ሌላም ዘመድ አለው፣ ከአንጀት የሚነሣ። እሱ ደም ውስጥ ሲገኝ ሐኪሞች አንጀት ውስጥ ዕጢ እንዳይኖር ያስመረምራሉ። ይህንስ ስንሰማ ተገርመናል።

እንግዲህ በየወሩ መርፌ የሚወጋ ልጅ ያላችሁ፣ ጥርሱን ሳይነቀል ስለ ልቡ ለሐኪሙ ንገሩ። ሰው ሠራሽ የልብ በር ላለው ወይም ይህ ሕመም አንድ ጊዜ ለያዘው ከመነቀሉ በፊት የሚዋጥ መድኃኒት ይታዘዛል። ትኩሳት ከሳምንት በላይ ከቆየበትም ክኒን ከመጀመሩ በፊት ደሙ እንዲቀዳለት ጠይቁ።

ምርመራው ገንዘብ ይጠይቃል። እድራችን ለሬሳ ሳጥንና ለድንኳን ያወጣል፤ ለታመመ ግን እስኪሞት ይጠብቃል። ከወር መዋጮው ጥቂት ተቀንሶ ለደም ምርመራ እንዲውል ሐሳባችንን ለጠቅላላ ጉባኤው አቅርበናል፤ ዳኛው ቀን እንዲቆርጡልን እንጠይቃለን።