አስቀድሞ ማስላት፤ ስለ ኤል ኢ ዲ መብራትና ስለ ሬዚስተር የተደረገ ንግግር



ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ተማሪዬ ቀይ የኤል ኢ ዲ መብራት ከ9 ቮልት ባትሪ ጋራ በቀጥታ አገናኘ። መብራቷ ለቅጽበት ቦግ ብላ ጠፋች። እኔም በጓደኞቹ ፊት ገሠጽሁት። ማታ ሳስበው ግን ጥፋቱ የራሴ ሆኖ አገኘሁት፤ ሽቦ ማገናኘትን እንጂ አስቀድሞ ማስላትን አላስተማርሁትምና።

ኤል ኢ ዲ እንደ ተራው አምፑል አይደለችም። ቮልቱ በጥቂቱ ከፍ ሲል በውስጧ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ እጅግ ይበረታል፤ ስለዚህ እርሱን የሚገታ ሬዚስተር አብሯት በአንድ መሥመር ሊቀጠል ይገባል። ስሌቱ ቀላል ነው። ቀይ መብራት 2 ቮልት ያህል ትወስዳለች፤ ከ9 ቮልት 7 ይተርፋል። እንዲያልፍ የምንፈቅደው 10 ሚሊ አምፔር፥ ማለት 0.01 አምፔር ቢሆን፥ 7 ለ0.01 ሲካፈል 700 ኦም ይሆናል። ይህ ልክ ካልተገኘ ከፍ ያለውን፥ 820 ኦም፥ መምረጥ ይሻላል፤ ብርሃኑ እምብዛም ሳይቀንስ መብራቷ ትጠበቃለች።

ከዚያም ተማሪዎች በ820 ፈንታ 1,500 ኦም ቀጥለው ይመልከቱ። ኤሌክትሪኩ በግማሽ ያህል ቢቀንስም፥ ለዓይን ብርሃኑ በግማሽ የቀነሰ እንደማይመስል ራሳቸው ይደርሱበታል።

ስሌቱ የተመሠረተበትን ሕግ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1827 ዓ.ም. በመጽሐፍ ያወጣው ጌዎርግ ኦም፥ በጀርመን አገር በኮሎኝ ከተማ በትምህርት ቤት መምህርነት ያገለገለ ሰው ነበረ። እንግዲህ እኛ የሙያ ወንድሞቹና እኅቶቹ፥ ለተማሪው ከመብራቷ በፊት እርሳስና ወረቀት እንስጠው። ከዚያ በኋላ ቢሳሳት እንኳ ስሕተቱን ራሱ ፈልጎ ያገኘዋል።