የሬዲዮን ሞገድ በስሌት ስለ መፍታት
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ የሬዲዮን ሞገድ በቁጥር ስሌት የመፍታት ጥበብ፣ ማለት ዲጂታል ዲሞዱሌሽን ነው። «ዲጂታል» የሚለው ቃል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ስለሚያደባልቅ፣ አስቀድሜ እነዚህን ልለያቸው እወዳለሁ።

አንደኛው፣ ጣቢያው ራሱ ድምፁን ወደ ቁጥር ለውጦ ሲያሰራጭ ነው። ይህ አድማጩ የቀድሞ መቀበያውን ትቶ አዲስ እንዲገዛ ያስገድደዋል። ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ2017 አገር አቀፍ የኤፍ ኤም ሥርጭቷን ዘግታ ወደ ዲጂታል ስትዛወር የሆነው ይኸው ነው። በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ሬዲዮ ለያዘ ገበሬ ግን እንዲህ ያለው ወጪ ቀላል አይደለም። ሁለተኛው፣ ጣቢያው እንደ ቀድሞው በኤ ኤም ወይም በኤፍ ኤም እያሰራጨ፣ መቀበያው ብቻ ሞገዱን በስሌት ሲፈታ ነው። በዚህኛው አድማጩ ምንም አይገደድም። የዛሬው ንግግሬ ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ነው።

አሠራሩ በአጭሩ እንደሚከተለው ነው። ከአንቴናው የመጣው ሞገድ ከተጣራና ከጎላ በኋላ፣ በእያንዳንዱ ቅጽበት በሁለት ቁጥሮች ይለካል፤ ሁለተኛው ልኬት ከመጀመሪያው በሩብ ዙር የተለየ ነው። ጥንዱን ቁጥር በወረቀት ላይ እንደ ነጥብ ብናሰፍረው፣ ነጥቡ ከማእከሉ ያለው ርቀት የሞገዱን ከፍታ፣ የዞረበት ማእዘን ደግሞ ፌዙን ያሳያል። እንግዲህ ኤ ኤምን ለመፍታት ርቀቱን በፓይታጎረስ ሕግ ማስላት ይበቃል። ኤፍ ኤምን ለመፍታት ደግሞ ነጥቡ ከአንዱ ልኬት እስከሚቀጥለው ምን ያህል ማእዘን እንደ ዞረ ማስላት ነው።

ለምሳሌ የአንድ ኤፍ ኤም ጣቢያ ድግግሞሽ ከመካከለኛው ቦታ እስከ 75 ኪሎኸርዝ ወዲህና ወዲያ ይወዛወዛል። በሴኮንድ 240,000 ጊዜ ብንለካው፣ በሁለት ልኬቶች መካከል ነጥቡ ቢበዛ 112.5 ዲግሪ ይዞራል። በሴኮንድ 120,000 ጊዜ ብቻ ብንለካው ግን 225 ዲግሪ ይሆናል፤ ይህም ከግማሽ ዙር ስለሚበልጥ፣ ነጥቡ በአንድ ወገን 225 ዲግሪ ይዙር ወይስ በተቃራኒው 135 ስሌቱ ሊያውቅ አይችልም። ድምፁም ይበላሻል። ሃሪ ናይኲስት እ.ኤ.አ. በ1928፣ ክሎድ ሻነን በ1949 ያስረዱት የናሙና ሕግ በተግባር ሲታይ ይህን ይመስላል።

ስሌቱ ግን ወሰን አለው። ለቴሌቪዥን መቀበያነት ተሠርቶ፣ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ለሬዲዮ ሙከራ በሰፊው የዋለው ርካሽ መሣሪያ እያንዳንዱን ልኬት በ8 ቢት፣ ማለት በ256 ደረጃ ብቻ ይመዝናል። በደካማው ጣቢያ አጠገብ በቮልቴጅ 1,000 እጥፍ የሚበልጠው ጣቢያ ቢኖር፣ ማጉያውን ለደካማው ስናስተካክል ብርቱው ከመለኪያው ጣሪያ አልፎ ሐሰተኛ ሞገዶችን ይፈጥራል፤ ለብርቱው ስናስተካክል ደካማው ከአንድ ደረጃ በታች ይወርዳል። የብዙ ልኬቶችን አማካይ በመውሰድ ጥቂቱን ማዳን ቢቻልም፣ ከመለኪያው በፊት የቆመ ጥሩ ማጣሪያን የሚተካ አይደለም።

ስለዚህ የኮይልና የካፓሲተር ትምህርት ጊዜው አልፎበታል ከሚሉ ባልደረቦች ጋር አልስማማም። ስሌቱን ብቻ የሚያውቅ መሐንዲስ፣ ጥፋቱ በአንቴናው በኩል ሳለ ፕሮግራሙን ሲያርም ይከርማል። ማጣሪያውን ብቻ የሚያውቀው ደግሞ፣ በሳጥኑ ውስጥ ያለው ስሌት ሲሳሳት የባዕድ አገር አምራች ደጅ ይጠናል። ሁለቱም ለአገር አይበጁም።

ከዚህ በመነሣት አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በምሕንድስና ትምህርት ቤቶቻችን እያንዳንዱ የሬዲዮ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ማጣሪያ በእጁ ይሥራ፤ አንድ የኤፍ ኤም ጣቢያንም ራሱ በጻፈው ፕሮግራም ይፍታ። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ተራ ኮምፒዩተር፣ ትንሽ መቀበያና ጥቂት ሽቦ ነው። መሣሪያው ከአቅማችን በላይ ነው የምንልበት ዘመን አልፏል፤ የቀረው የእኛ የመምህራንና የመሐንዲሶች ፈቃድ ነው።