ቀለም ለምን አይዘቅጥም?

 

ውድ የፊዚክስና የኬሚስትሪ ተመራቂዎች፣ በምረቃችሁ ቀን ይህን ንግግር እንዳደርግ ስጠየቅ መጀመሪያ ትዝ ያሉኝ በልጅነቴ በሰፈራችን ይኖሩ የነበሩ አንድ ቁም ጸሐፊ ናቸው። የኔታ እንላቸው ነበር። ቀለም ሲያዘጋጁ አጠገባቸው ተቀምጬ አያለሁ። ከድስት ቂጥ የተፋቀ ጥቀርሻ አለ፤ አርሮ የተወቀጠ እህል አለ፤ ውሃ አለ። በመጨረሻ ከአንዲት ጨርቅ ፈትተው የግራር ሙጫ ያወጣሉ። ፀሐይ ላይ ሲይዙት ማር ይመስላል። እሱን አሟሙተው ይጨምሩና ያማስላሉ።

አንድ ቀን “የኔታ፣ ሙጫው ለምንድን ነው?” አልኳቸው።

“ልጄ፣ አለ ሙጫማ ቀለሙ ይዘቅጣል። ጥቀርሻው ከታች፣ ውሃው ከላይ ይሆናል። በምን ልጽፍ ነው?” አሉኝ።

ሙጫው ጥቀርሻውን እንዳይዘቅጥ የሚያደርገው እንዴት እንደሆነ እሳቸው አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። መልሱን ያገኘሁት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆኜ፣ አንድ ፈረንሳዊ የፊዚክስ ሊቅ ከጻፏቸው ገጾች ነው። ሰውየው ፒየር-ዢል ደ ዤን ይባላሉ። ዛሬ የእሳቸውን የሥራ ዘመን ልተርክላችሁ እፈልጋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደ ዤን በ1932 ፓሪስ ውስጥ ተወለዱ። እስከ 12 ዓመታቸው ድረስ የተማሩት ቤታቸው ውስጥ ነው። ከዚያ በፓሪሱ ኤኮል ኖርማል ሱፔሪየር ተምረው በ1955 ጨረሱ። ሥራ የጀመሩት ሳክሌ በሚገኘው የአቶሚክ ኃይል ምርምር ማዕከል ሲሆን ጥናታቸው በማግኔት ላይ ነበር። ኒውትሮን የተባሉት ቅንጣቶች በማግኔታዊ ቁስ ውስጥ ሲያልፉ እንዴት እንደሚበተኑ ያሰሉ ነበር። ዶክትሬታቸውን በ1957 አገኙ፤ አሜሪካ በርክሌይ ሄደው ከቻርልስ ኪትል ጋር ሠሩ፤ በአገራቸው ባሕር ኃይልም ከሁለት ዓመት በላይ አገለገሉ።

በ1961 ኦርሴ በሚገኘው ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ሲጀምሩ ማግኔትን ተዉና ወደ ሱፐርኮንዳክተር ዞሩ። እጅግ ሲቀዘቅዙ ኤሌክትሪክን ያለ አንዳች እንቅፋት ስለሚያሳልፉ ብረቶች ማለቴ ነው። በዙሪያቸው ወጣት ተመራማሪዎችን ሰበሰቡ፤ በ1966 በዘርፉ እስከ ዛሬ የሚነበብ መጽሐፍ አሳተሙ። ገና 35 ዓመት አልሞላቸውም። ስም አላቸው፣ ቡድን አላቸው፣ መጽሐፍ አላቸው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ወንበሩን አደላድሎ ይቀመጣል። እሳቸው ግን በ1968 ያንን ሁሉ ትተው ወደ ፈሳሽ ክሪስታል ገቡ።

ፈሳሽ ክሪስታል ዛሬ ለእናንተ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የካልኩሌተራችሁና የብዙ ቴሌቪዥኖች ስክሪን የሚሠራው በእሱ ነው። በዚያን ጊዜ ግን ብዙ የፊዚክስ ሰዎች ዞር ብለው የማያዩት ነገር ነበር። እንደ ፈሳሽ ይፈስሳል፤ ሞለኪውሎቹ ግን በአንድ አቅጣጫ የተሰለፉ ናቸው። ደ ዤን ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1974፣ ስለ ፈሳሽ ክሪስታል ፊዚክስ መጽሐፍ አወጡ። መጽሐፉ በወጣ ጊዜ እሳቸው ወደ ሌላ ጉዳይ ገብተው ነበር።

በ1971 የኮሌዥ ደ ፍራንስ ፕሮፌሰር ሆነው ተሾሙ። ኮሌዥ ደ ፍራንስ ፈተናም ዲግሪም የሌለው፣ በሩ ለሁሉም ክፍት የሆነ ጥንታዊ ተቋም ነው። ፕሮፌሰሩ በየዓመቱ አዲስ ነገር እንዲያስተምር ይጠበቅበታል፤ ያምናውን ደብተር ይዞ መምጣት የለም። ለእሳቸው የተሰፋ ልብስ ይመስላል። በዚህ ወቅት ነው ወደ ፖሊመር የገቡት።

ፖሊመር ረጅም ሰንሰለት ነው። ትንንሽ ሞለኪውሎች እየተቀጣጠሉ በሺዎች ሲደረደሩ የሚፈጠር። ፕላስቲክ ፖሊመር ነው፤ ጎማ ፖሊመር ነው፤ ጥጥ፣ ሐር፣ የተልባ ልጋግ፣ የየኔታ የግራር ሙጫም እንዲሁ። በ1920 ኸርማን ሽታውዲንገር የተባሉ ጀርመናዊ ኬሚስት እንዲህ ያለ ረጅም ሞለኪውል አለ ብለው ሲጽፉ ብዙዎች አላመኗቸውም፤ የኖቤል ሽልማት ያገኙት በ1953 ነው። አሜሪካዊው ፖል ፍሎሪ ደግሞ ሰንሰለቱ ፈሳሽ ውስጥ ሲሟሟ ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝ አሰሉ። ሰንሰለቱ 10 እጥፍ ቢረዝም ጥቅሉ የሚሰፋው 4 እጥፍ ገደማ ነው። ስሌቱ ከሙከራ ጋር ይስማማል፤ መሠረቱ ግን ልል ነበር፤ ለምን ትክክል እንደሚሆን በቂ ማስረጃ አልነበረም።

ተመራቂዎች፣ እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። በ1972 ደ ዤን ሁለት ገጽ ገደማ የሆነች አጭር ጽሑፍ አሳተሙ። በማግኔት ስሌት ውስጥ እያንዳንዱ አቶም ትንሽ ቀስት አለው። ቀስቱ የሚዞርባቸው አቅጣጫዎች ብዛት አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ይሆናል። ደ ዤን ይህን ቁጥር ዜሮ አደረጉት። ቀስቱ አቅጣጫ የሌለው ማግኔት በዓለም ላይ የለም። በስሌቱ ውስጥ ግን ዜሮ ሲገባ አብዛኛው ነገር ይጠፋና የሚቀረው ራሱን ዳግም የማይነካ፣ የማያቋርጥ መንገድ ብቻ ነው። ራሱን የማይነካ መንገድ ደግሞ የፖሊመር ሰንሰለት ማለት ነው። የፊዚክስ ሊቁ ኬነዝ ዊልሰን ለማግኔትና ለመሰል ነገሮች ያወጡት አዲስ የስሌት ዘዴ በአንድ ጊዜ ለሙጫና ለጎማ መሥራት ጀመረ።

ሰውየው ማግኔትን የተዉት ከአሥር ዓመት በፊት ነበር። በወጣትነታቸው ሳክሌ ውስጥ የተማሩት ግን አብሯቸው ነበር፤ ባላሰቡት ቤት በር ከፈተላቸው። አገራችን ውስጥ አንድ ሰው “ፊልድህ ምንድን ነው?” ተብሎ ይጠየቃል፤ ከመለሰ በኋላ እስከ ጡረታ ያው ነው። ከዚያ ከወጣ፣ ጀምሮ የሚተው፣ ሐሳቡ የማይጸና ሰው ይባላል። እኔ ይህን አልቀበልም። ደ ዤን በየጊዜው እንደገና ጀማሪ ለመሆን ፈቃደኛ ነበሩ። ፕሮፌሰር ሆኖ ሳለ “ይህን አላውቅም፣ አስረዱኝ” ማለት ከባድ ነው። እሳቸው ይህን ብለው ከኬሚስቶች ተማሩ። የስትራስቡርግ ኬሚስቶች ሰንሰለቱን ይሠራሉ፤ የሳክሌ ሰዎች በኒውትሮን ያዩታል፤ እሳቸው በኮሌዥ ደ ፍራንስ ሆነው ያስባሉ። የሦስቱን ስም አጣምረው ትብብሩን “ስትራዛኮል” አሉት።

በ1971 ያወጡት ሌላ ሐሳብ ደግሞ ሕፃን ልጅ የሚረዳው ነው። ብዙ ረጃጅም ሰንሰለቶች ተጠላልፈው ሲገኙ አንዱ እንዴት ይንቀሳቀሳል? ወደ ጎን እንዳይሄድ ጎረቤቶቹ አጥረውታል። ስለዚህ እንደ እባብ በራሱ ርዝመት፣ በጠባብ መተላለፊያ እየተሳበ ይወጣል። የመተላለፊያውን ሐሳብ ቀደም ሲል እንግሊዝ አገር የሠሩት ሳም ኤድዋርድስ አምጥተውት ነበር፤ መሳቡን የጨመሩት ደ ዤን ናቸው። ስሌታቸው ሰንሰለቱ ሁለት እጥፍ ሲረዝም ለመውጣት የሚፈጅበት ጊዜ ስምንት እጥፍ ይሆናል ይላል። የቀለጠ ፕላስቲክ አልፈስስም የማለት ጠባይ ሲለካ ግን ከአሥር እጥፍ ትንሽ ይበልጣል። ያች ትንሽ ልዩነት ብዙ ሰዎችን ለብዙ ዓመታት አሠራች። አንድ ሐሳብ ፍጹም ባይሆንም ሌሎች የሚሠሩበትን ቦታ ከከፈተ ትልቅ ሐሳብ ነው ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ የኔታ ቀለም ልመለስ። የጥቀርሻ ቅንጣቶች ውሃ ውስጥ ሲገናኙ እርስ በርስ ይሳሳባሉ፤ ይጣበቃሉ፤ ይከብዳሉ፤ ይዘቅጣሉ። ሙጫው ሲጨመር ረጃጅም ሰንሰለቶቹ በከፊል ከቅንጣቷ ላይ ይለጠፋሉ፤ የቀረው አካላቸው ወደ ውሃው ይዘረጋል። ቅንጣቷ ፀጉር ያወጣች ያህል ነው። ሁለት እንዲህ ያሉ ቅንጣቶች ሲቀራረቡ ሰንሰለቶቹ መጨናነቅን ስለማይወዱ ይገፋፋሉ። ጥቀርሻው ሳይገናኝ፣ ሳይጣበቅ፣ ውሃው ውስጥ ተንሳፍፎ ይኖራል። ደ ዤን በ1980 ባወጡት ጽሑፍ በአንድ ገጽታ ላይ የተተከሉ ሰንሰለቶች ምን ያህል ቀጥ ብለው እንደሚቆሙ አስልተዋል። ያንን ሳነብ ያየሁት የየኔታን እጅ ነው። የጥንት ግብፃውያን ጸሐፊዎችም ቀለማቸውን በጥቀርሻና በግራር ሙጫ ይበጠብጡ ነበር፤ ደ ዤንም ይህን ምሳሌ ደጋግመው ያነሱት ነበር።

የኖቤል ሽልማት በፊዚክስ በ1991 ለብቻቸው ተሰጣቸው። በስቶክሆልም ያደረጉት ንግግር ርእሱ “ለስላሳ ቁስ” ነበር። ያን መድረክ ይዘው የተናገሩት ስለ ምን መሰላችሁ? ስለ ቦት ጫማ። የአማዞን ሰዎች ከጎማ ዛፍ የሚወጣውን ነጭ ወተት እግራቸው ላይ ይቀቡት ነበር፤ ሲረጋ ጫማ ይሆናል፤ ግን ብዙም ሳይቆይ ይፈራርሳል፤ የአየሩ ኦክሲጅን ሰንሰለቶቹን ይቆራርጣቸዋልና። በ1839 ቻርልስ ጉድይር ድኝ ቀላቅለው አሞቁት፤ ጎማው ጸና። ከ200 የካርቦን አቶሞች ከድኝ ጋር የሚያያዘው አንዱ ብቻ ነው። ከ200 አንዱ! ይህ ኢምንት ነገር ፈሳሹን ወደ ጠንካራ ነገር ይለውጠዋል። ለስላሳ ቁስ የሚባለው እንግዲህ እንዲህ ያለው ነው፤ በትንሽ ንክኪ ጠባዩ ከሥር ይለወጣል።

ከሽልማቱ በኋላ ከ1992 እስከ 1994 ባሉት ዓመታት ወደ 200 የሚጠጉ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን እየዞሩ ተማሪዎችን አነጋገሩ። ከ1976 እስከ 2002 የፓሪስን የኢንዱስትሪ ፊዚክስና ኬሚስትሪ ትምህርት ቤት መርተዋል፤ ማሪ እና ፒየር ኩሪ ራዲየምን ያገኙበት ግቢ ነው። 70 ዓመት ሲሞላቸው ጡረታ ወጡ ስትሉ ወደ ኩሪ ኢንስቲትዩት ሄደው ሕዋሳት እንዴት እንደሚጣበቁና አንጎል እንዴት እንደሚያስታውስ ማጥናት ጀመሩ። ለአምስተኛም ለስድስተኛም ጊዜ ጀማሪ ሆኑ ማለት ነው። በ2007 በ74 ዓመታቸው አረፉ።

“ይህ ሁሉ ፓሪስ ነው፤ እኛ ጋ ምን አለ?” የሚል ሐሳብ በአንዳንዶቻችሁ ልብ እንደሚመላለስ አውቃለሁ። ደ ዤን የተጠቀሙበት መሣሪያ፣ ስታቲስቲካል ፊዚክስ፣ በአገራችንም ታላቅ መምህር ነበረው። ፕሮፌሰር ሙሉጌታ በቀለ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ይህንኑ ሲያስተምሩና ሲመራመሩ ኖረዋል። በደርግ ዘመን ለዓመታት ታስረዋል። በ2012 የአሜሪካ ፊዚክስ ማኅበር የአንድሬይ ሳካሮቭን ሽልማት ሰጥቷቸዋል። 

ላብራቶሪ የለንም አትበሉኝ ማለት አልችልም፤ ጉድለቱን አውቀዋለሁ፤ ሊሟላም ይገባል። እዚህ የተቀመጣችሁ ኃላፊዎችንም በዚህ ጉዳይ አደራ እላለሁ። ሆኖም እዚሁ አዳራሽ ውስጥ የተቀመጡት እናቶቻችሁ ለስላሳ ቁስን በየሳምንቱ ይሠሩታል።

እናቴ የቦካውን ሊጥ ከመጋገሯ በፊት ከላይ ያቀረረውን ውሃ ትደፋለች። ከሊጡ ጥቂት ቀንሳ፣ ውሃ አፍልታ፣ እያማሰለች ታበስለዋለች። ገንፎ ሊመስል ሲል አውርዳ፣ አብርዳ፣ ከዋናው ሊጥ ጋር ትቀላቅለዋለች። አብሲት ትጥላለች። አብሲት ያልተጣለበት እንጀራ ዓይኑ አያምርም። ለምን? የጤፉ ስታርች በፈላ ውሃ ሲያብጥ ሰንሰለቶቹ ይወጣሉ፤ ሊጡን ያወፍሩታል፤ የሚነሳውን አረፋ ያዝ አድርገው ያቆዩታል። ጤፍ እንደ ስንዴ ግሉተን የለውም፤ አረፋውን የሚይዝለት ሌላ ነገር ያስፈልገዋል። ምን ያህል አብሲት ለምን ያህል ሊጥ? ስንት ደቂቃ መብሰል አለበት? የማሽላው፣ የገብሱ ሊጥስ ለምን የተለየ ጠባይ ያሳያል? እናቴ እነዚህን በእጇ ታውቃቸዋለች፤ በቁጥር ግን አልነገረችንም፤ እኛም አልጠየቅናትም።

የኔታን ሁለተኛውን ጥያቄ፣ “ሙጫው እንዴት?” የሚለውን፣ ሳልጠይቃቸው ሞቱ። እናንተ ግን ዛሬ ማታ ጋዋናችሁን አውልቃችሁ ማዕድ ስትቀርቡ፣ እናቶቻችሁ አጠገባችሁ ናቸው። አብሲቱን እንዴት እንደሚጥሉት ጠይቋቸው። ሲበዛ ምን እንደሚሆን፣ ሲያንስ ምን እንደሚሆን ጠይቋቸው። የነገሯችሁን ጻፉት፤ ቀጥላችሁም ለኩት።