ሕፃናትና የስልክ መስኮት



በቅርቡ በፍኖተ ሰላም ከተማ ከአንድ ወዳጄ ቤት ቡና ተጠርቼ ሳለሁ፥ ገና ዓመት ከመንፈቅ ያልሞላው ልጁ አለቀሰ። ሞግዚቲቱም ርቦት ይሁን ጠምቶት ሳትመረምር ስልክ አንሥታ በእጁ አስያዘችው። ሕፃኑ ወዲያው ዝም አለ። እናቲቱ «ይኸን ካላየ ምሳውንም አይበላልኝ» አለችኝ። ዝምታው ቤቱን ሁሉ ያስደሰተ መሰለ፤ እኔን ግን አሳሰበኝ።

ቴሌቪዥን ወደ አገራችን በ1957 ዓ.ም. በገባ ጊዜ ስርጭቱ በቀን ለጥቂት ሰዓት ብቻ ስለ ነበረ፥ ሰዓቱ ሲያልቅ ልጁም አዋቂውም ወደ መኝታው ይሄድ ነበር። የእጅ ስልክ ግን ማለቂያ የለውም፤ አንዱ ምስል ሳይፈጸም ሌላው ይከተላል፤ ከማዕድም ከአልጋም አይለይም።

የዓለም ጤና ድርጅት በሚያዝያ ወር 2011 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፥ 2 ዓመት ያልሞላው ሕፃን ተቀምጦ ምስል ባያይ፥ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያለውም በቀን ከ1 ሰዓት ባይበልጥ፥ ከዚያም ቢያንስ እንደሚሻል ገልጿል።

ምክንያቱ ምንድን ነው? በአሜሪካ አገር በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ፓትሪሺያ ኩል የተባሉት ሊቅና ባልደረቦቻቸው በ1995 ዓ.ም. ያሳተሙት ጥናት አንዱን ነገር ያስረዳናል። የ9 ወር ሕፃናትን ሰብስበው አንዳንዶቹን የቻይና ቋንቋ የሚናገር ሰው ፊት ለፊታቸው ተቀምጦ መጽሐፍና አሻንጉሊት እያሳየ እንዲያጫውታቸው አደረጉ፤ ለሌሎቹ ደግሞ ይኸው ጨዋታ ተቀርፆ በቴሌቪዥን ታየላቸው። በመጨረሻ ሲፈተኑ፥ ሰው ያጫወታቸው የባዕዱን ቋንቋ ድምፅ ለይተው ዐወቁ፤ በቴሌቪዥን ያዩት ግን ቋንቋውን ከቶ ካልሰሙት የተሻለ አላገኙም። ቃሉ አንድ ነበር፤ የጐደለው ሰውየው ነው።

በቡሬ ዙሪያና በሊበን ገጠር ያለችው እናት ይህን ጥናት ሳታነብ ስትሠራበት ኖራለች። ልጅዋን በአንቀልባ አዝላ በርበሬ ስትለቅም ታወራዋለች፤ ሲያጕረመርም ትመልስለታለች፤ ሲመሽም እሹሩሩ ትለዋለች። ገጠሩን ለማሞገስ አይደለም፤ ስልክ ዛሬ እዚያም ገብቷል። ደግሞም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልላችን በደረሰው ግጭት የተነሣ ልጁን ደጅ ማውጣት የፈራ ወላጅ ብዙ ነው። በዚያ ጭንቅ ውስጥ ለልጁ ስልክ የሰጠውን ሰው የምወቅስበት አፍ የለኝም።

እኛ በመሥሪያ ቤት የምንውለው ግን ሌላ ነገር አለብን። በ11 ሰዓት ተኩል ወጥተን ቤት ስንደርስ፥ ልጁ ዳዴ እያለ ሊቀበለን ሲመጣ ዐይናችን ከስልካችን ላይ ነው። እኛ ያልተውነውን እሱ እንዲተው መጠበቅ አይገባም። ስልኩ ልጁ እስኪተኛ ድረስ ከቁም ሣጥን ላይ ቢቀመጥ ምን ይጐዳናል?

ሞግዚቲቱንም «ስልክ አታሳዪው» ብሎ ማዘዝ ቀላል ነው። ነገር ግን እንጀራ የምትጋግረው፥ ልብስ የምታጥበው፥ ልጁን የምትጠብቀውም እርስዋው ናት። ከሥራዋ ሳትቀንሱ ስልኩን ብትወስዱባት፥ እናንተ ከበር ስትወጡ ተመልሶ ይወጣል። ልብሱ ለቅዳሜ ይቆይና ያን ሰዓት ከልጁ ጋር ትቀመጥ።

አንድ ነገር ልጨምር። በባሕር ማዶ ዘመድ ያላችሁ አትደንግጡ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2009 ዓ.ም. ባወጣው ምክር፥ 18 ወር ላልሞላው ሕፃን ምስልን ሁሉ ሲያስቀር፥ ከዘመድ ጋር እየተያዩ መነጋገርን ግን አልነቀፈም። አያት ከሩቅ ሲጠራው ልጁ ይመልሳል፤ አያትም መልሶ ያናግረዋል።

ወደ ወዳጄ ቤት ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሼ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ቀኖች ልጁ እየጮኸ ቤቱን ሁሉ ማስጨነቁን ነገሩኝ። እኔ ስገባ ሞግዚቲቱ ባዶ ጣሳና ሁለት የፕላስቲክ ሲኒ ሰጥታው፥ እንደ አዋቂ ቡና ይቀዳ ነበር፤ ለእኔም አንዱን አቀበለኝ። ምሳውን ግን አሁንም የሚበላው በልመና ነው።