ዲ ላይ ያለ ፋይል ከቤት አልወጣም

(በአምቦ በወርሃዊ ስብሰባችን ላይ የቀረበ ንግግር። ከጊንጪና ከጌዶ መምጣት ያልቻሉ አባላት ስለጠየቁን በጽሑፍ አቅርበነዋል።)



የዛሬው ርእስ የኮምፒውተር ፋይል ማስቀመጥ ነው ስንል «ይሄ የወጣቶች ጉዳይ ነው» የምትሉ አትጠፉም። እስቲ በየቤታችን ያለውን እንቁጠር። የልጆቻችን ፎቶ አለ። ከአሮጌ ወረቀት ላይ በስልክ የተነሳ የወላጆቻችን ፎቶ አለ። የትምህርት ማስረጃ ስካን፣ የቤት ካርታ ቅጂ፣ የሱቅ የዱቤ መዝገብ፣ ዩኒቨርሲቲ ያለችው ልጃችን የመመረቂያ ጽሑፍ አለ። ከሁሉም በላይ ደግሞ የማኅበራችን የቁጠባና የብድር ዝርዝር አለ።

በቅርብ የምናውቀው አንድ የሴቶች የቁጠባ ቡድን ሒሳቡን በአንድ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ይይዝ ነበር። ላፕቶፑ አልነሳ ሲል ለጥገና ተሰጠ፤ ጠጋኙም ፎርማት አድርጎ መለሰው። ገንዘቡ ባንክ ስለነበር ሳንቲም አልጎደለም። የጠፋው ማን ስንት እንዳስቀመጠች፣ ማን ስንት እንደተበደረች የሚናገረው ጽሑፍ ነው። የወረቀት ደረሰኟን ያስቀመጠች መብቷን አስከበረች። የጣለችው ግን በምስክር ቀረች። ለዓመታት አብረው ቡና ሲጠጡ የኖሩ ሴቶች «አንቺ ያን ወር አልከፈልሽም»፣ «ከፍያለሁ» ተባባሉ። ዋናው ጉዳት ይህ ነው፤ መዝገብ ሲጠፋ መተማመን አብሮ ይጠፋል።

ለመሆኑ ፋይል በምን ይጠፋል? ሃርድ ዲስክ የሚሽከረከር ዕቃ ነው፤ ይወድቃል፣ ያረጃል። ላፕቶፕ ይሰረቃል። መብራት ድንገት ሄዶ ሲመጣ ኮምፒውተር ይጎዳል። ልጅ ሲነካካ ያጠፋል። ቫይረስ ይገባል። እነዚህን ሁሉ መከላከል አንችልም። የምንችለው ሌላ ቅጂ ሌላ ቦታ እንዲኖር ማድረግ ነው።

እዚህ ላይ በከተማችን በጣም የተለመደ አንድ አባባል እናንሳ፤ «እኔ እንኳን ዲ ላይ አስቀምጫለሁ» የሚለውን። ይህ አባባል ያለ ምክንያት አልመጣም። ጠጋኞች ዊንዶውስ እንደ አዲስ ሲጭኑ ብዙ ጊዜ ሲን ብቻ ነው የሚያጠፉት፤ ዲ ላይ ያለው ይተርፋል። ስለዚህ ዲ ሌላ ሣጥን ይመስለናል። በአብዛኛው ላፕቶፕ ላይ ግን ሲና ዲ የአንድ ሃርድ ዲስክ ሁለት ክፍሎች ናቸው። አንድ ቤት መሐሉ ላይ በመጋረጃ ቢከፈል ሁለት ቤት አይሆንም፤ እሳት ቢነሳ መጋረጃው አያድነውም። ማረጋገጥ የምትፈልግ «ዲስክ ማኔጅመንት» የሚባለውን ገጽ ትክፈት። ሲና ዲ ሁለቱም «ዲስክ 0» በሚለው መስመር ላይ ከተደረደሩ ዕቃው አንድ ነው።

ሁለተኛው ስህተት ማዛወርን መጠበቅ አድርጎ መቁጠር ነው። አንዲት እህት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ገዝታ ፎቶዎቿን ሁሉ «ከት» አድርጋ እዚያ «ፔስት» ብታደርግ ኮምፒውተሯ ቦታ ያገኛል። ፎቶዎቹ ግን ድሮም አንድ ቦታ ነበሩ፣ አሁንም አንድ ቦታ ናቸው። ያ ዕቃ ከእጇ ቢወድቅ ሁሉም አብሮ ወደቀ። ስለዚህ ቃላችን «ኮፒ» ይሁን። ቦታ ጠብቦን ከኮምፒውተሩ ማጥፋት ካለብን በመጀመሪያ በሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ላይ እንቅዳ፣ ከፍተን እንይ፣ ከዚያ እናጥፋ። የጀልዱ ድንች አምራቾች የዘር ድንቻቸውን ከሚበላው ለይተው፣ ብርሃን በሚያገኝ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጣሉ። ዘሩን ከሚበላው የሚለዩት ክፉ ቀን እንዳለ ስለሚያውቁ ነው።

ምን እንግዛ? ለጽሑፍና ለሒሳብ ብዙ ቦታ አያስፈልግም፤ የዓመት የቁጠባ ዝርዝር ከአንድ ሜጋባይት ብዙም አይበልጥም። በስልክ የተነሳ አንድ ፎቶ 4 ሜጋባይት ቢሆን 10,000 ፎቶ 40 ጊጋባይት ያህል ይይዛል። ስለዚህ ለብዙዎቻችን 64 ጊጋባይት ፍላሽ በቂ ነው። የሠርግና የምርቃት ቪዲዮ ያላት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ያስፈልጋታል። በጣም በርካሽ «2 ቴራባይት» ተብሎ ከሚሸጥ ፍላሽ ተጠንቀቁ። ኮምፒውተሩን እንዲዋሽ ተደርጎ የተሠራ አለ፤ ትልቅ መስሎ ይታያል፣ እውነተኛው ቦታ ሲሞላ ግን ቀጥሎ የገባው ፋይል ይበላሻል። ገዝታችሁ እስከ አፉ ሙሉትና መጨረሻ የገቡትን ፋይሎች ከፍታችሁ እዩ። ትልቅ ቪዲዮ አልገባ ካለ ደግሞ ፍላሹ ተበላሽቷል ማለት ላይሆን ይችላል፤ ፋት 32 በሚባለው አሠራር የተዘጋጀ ፍላሽ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። ባዶ ሳለ ኤክስፋት ተደርጎ ቢዘጋጅ ይቀበላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ላፕቶፑ ቻርጅ ይሙላ፤ መብራት ቢሄድ ሥራው መሐል ላይ እንዳይቋረጥ። የሚቀዳውን ሁሉ በአንድ ፎልደር ሰብስቡ፤ ዴስክቶፕና ዳውንሎድ ላይ የተበተነውን አትርሱ። የፎልደሩን ስም ከነቀኑ ጻፉ፤ «ቁጠባ ጥቅምት 30» እንደማለት። በየወሩ አዲስ ፎልደር ይሁን እንጂ በአሮጌው ላይ አትጻፉ፤ የዚህ ወር መዝገብ ስህተት ካለበት ያለፈውን ወር ማየት ይቻላል። ቅዱ። ከተቀዳው ውስጥ አምስት ስድስቱን ከዚያው ከፍላሹ ላይ ክፈቱ። «ኢጀክት» ብላችሁ ንቀሉ። ሰክታችሁ አትተዉት። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ከ150 በሚበልጡ አገሮች ፋይል እየቆለፈ ገንዘብ ሲጠይቅ ነበር፤ እንዲህ ያለ ቫይረስ ኮምፒውተሩ ላይ ተሰክቶ ያገኘውን ዕቃም አብሮ ይቆልፋል።

ፍላሻችሁን ሰክታችሁ ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ብታገኟቸው አትደንግጡ፣ ፎርማትም አታድርጉ። ብዙውን ጊዜ ቫይረሱ ዋናዎቹን ደብቋቸው እንጂ አላጠፋቸውም። በስህተት የጠፋ ፋይል ካለም በዚያ ዕቃ ላይ ሌላ ምንም ሳትጽፉ ለሚያውቅ ሰው አሳዩ።

«ቴሌግራም ላይ አስቀምጣለሁ» የሚሉም አሉ። እንደ ተጨማሪ ቅጂ ጥሩ ነው። ፎቶ ከሆነ ግን «እንደ ፋይል» ብላችሁ ላኩት፤ አለዚያ ጥራቱ ይቀንሳል። ብቸኛ ቅጂ ግን አታድርጉት። በ2012 ዓ.ም. ከሰኔ 23 ጀምሮ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት በተቋረጠ ጊዜ በኢንተርኔት ብቻ የተቀመጠ ነገር እንዴት እንደሚርቅ ሁላችንም አይተናል። መሳቢያ ውስጥ ያለ ፍላሽ ኔትወርክ አይጠይቅም።

ትልልቅ ድርጅቶችም ከዚህ አያመልጡም። ቶይ ስቶሪ 2 የተባለው የልጆች ፊልም እ.ኤ.አ. በ1998 ገና እየተሠራ ሳለ፣ በፒክሳር ኩባንያ አንድ የተሳሳተ ትእዛዝ አብዛኛውን ፋይል አጠፋው። መጠባበቂያ ቅጂያችን አለ ብለው ሲከፍቱት በትክክል ሲሠራ አልቆየም፤ በየጊዜው የሚፈትነው አልነበረም። ያዳነቻቸው ጋሊን ሱስማን የተባለች የቴክኒክ ኃላፊ ናት። ልጅ ስለወለደች ከቤቷ ትሠራ ስለነበር የፊልሙ ቅጂ በቤቷ ኮምፒውተር ላይ ተገኘ፤ ኮምፒውተሩንም በብርድ ልብስ ጠቅልለው በመኪና አመጡት። ከዚህ ሁለት ነገር እንወስዳለን። ያልተፈተነ ቅጂ ቅጂ አይደለም። ሌላ ቤት ያለ ቅጂ ደግሞ መዳኛ ነው።

ስለ ምስጢርም አንድ ቃል። ፍላሽ ትንሽ ነው፤ ከጠፋ የመታወቂያችንን ፎቶና የእያንዳንዳችንን ዕዳ ይዞ ነው የሚጠፋው። ስለዚህ የቁጠባው ፋይል የይለፍ ቃል ይኑረው። ቃሉ በታሸገ ፖስታ ሁለት ሰዎች ዘንድ ይቀመጥ፤ አንዷ ብትታመም ሌላዋ እንድትከፍተው። ፍላሹና ፖስታው ግን አንድ ቤት አይደሩ።

ስለዚህ ለዛሬው ስብሰባ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። እንደ እቁብ አዋጥተን ሁለት ዕቃ እንግዛ። አንዱ አምቦ፣ አንዱ ጉደር ይቀመጥ። በየወሩ ስብሰባ የአምቦው አዲሱን መዝገብ ይዞ ወደ ጉደር ይሂድ፤ የጉደሩ ወደ አምቦ ይምጣና ይሞላ። ከመሄዱ በፊት በሁላችን ፊት ይከፈት፤ በዕጣ የወጣላት አንዲት አባል የራሷን ሒሳብ ጮክ ብላ ታንብብ። የወረቀት ደብተራችሁንም አትጣሉ፤ እሱም አንድ ቅጂ ነው። በግል ደግሞ እያንዳንዳችን እስከሚቀጥለው ስብሰባ አንድ ነገር ብቻ እንቅዳ፤ ቢጠፋ በገንዘብ የማይተካውን።

ጥያቄ ያላችሁ ከቡናው በኋላ ፍላሻችሁን ይዛችሁ ወደ ጠረጴዛው ኑ። እዚሁ አብረን እንቀዳለን።