ባሕሩ ቢርቅ ዳርቻው ቅርብ ነው

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ የቀረብነው ስለ ባሕር ሕይወት ትምህርት ያለንን አሳብ ለመግለጽ ነው። ከእናንተ አንዳንዶቻችሁ «ባሕር የሌለው አገር ተማሪ ስለ ባሕር ምን አነጋገረው?» ትሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ኤርትራ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1993 ነጻ አገር ከሆነች ወዲህ ኢትዮጵያ የባሕር ጠረፍ የላትም። (ከዚህ በታች የምንጠራቸውም ዓመቶች በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ይሁን እንጂ በየትምህርት ቤቱ ስለ ባሕር ኮከብና ስለ ኮራል ስንማር አድገናል። ሥዕሉን እንቀዳለን፤ የክፍሎቹን ስም እንሸመድዳለን፤ ፈተናውንም እናልፋለን። ካለፍን በኋላ የሚቀርልን ግን ስሙ ብቻ ነው።

የንግግራችን ፍሬ ነገር በአጭሩ ይህ ነው፤ የባሕር ሕይወት ትምህርት የሚጀመረው ከዳርቻው ነው፤ ዳርቻ ደግሞ እኛም አለን።

ይህ አሳብ ከእኛ የፈለቀ አይደለም። በ1873 ሉዊ አጋሲ የተባለው የተፈጥሮ ሊቅ በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ጠረፍ አጠገብ በምትገኝ ፔኒኪስ በተባለች ትንሽ ደሴት ለመምህራን የክረምት ትምህርት ቤት ከፈተ። ወንዶችም ሴቶችም ተቀበለ። ዋናው መማሪያቸው መጽሐፍ ሳይሆን ከውኃው የሚያወጡት ፍጥረት ነበር። አጋሲ በዚያው ዓመት ሞተ፤ ትምህርት ቤቱም ከሁለተኛው ክረምት አላለፈም። የማስተማሪያው መንገድ ግን አልሞተም። በ1888 በዚያው አካባቢ፣ በዉድስ ሆል፣ የባሕር ባዮሎጂ ላቦራቶሪ ተቋቋመ። ሬቸል ካርሰን ገና ወጣት ሳለች በ1929 ክረምት እዚያ ሠርታለች። በ1955 ስለ ጠረፍ ፍጥረታት ያሳተመችው መጽሐፍ ስም ወደ አማርኛ ቢመለስ «ባሕር ዳር» ማለት ነው።

እንግዲህ ጓደኞቻችን፤ እኛ ባሕር ዳር ተቀምጠን ስሙን ይዘን ትምህርቱን ልናጣ ይገባናልን? «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የተባለው በእኛ ሊፈጸም አይገባም።

እርግጥ ነው፤ ሐይቅ ባሕር አይደለም። የጣና ውኃ ጨዋማ አይደለም፤ የባሕር ኮከብም ጨው በሌለው ውኃ ከቶ አይኖርም። የባሕር ውኃ በብዙ ጠረፎች በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜም ይጎድላል፤ የጣና ውኃ ግን ከክረምቱ ዝናብ በኋላ ሞልቶ በበጋ እየጎደለ የሚሄድ፣ ሙላቱም ጉድለቱም በዓመት አንድ ጊዜ የሆነ ነው። ከ1996 ወዲህም በጨራ ጨራ የተሠራው ግድብ ከሐይቁ የሚወጣውን ውኃ ስለሚቆጣጠር፣ በዚህ ሙላትና ጉድለት የሰው እጅ ገብቶበታል። ነገር ግን ልዩነቱ ራሱ ትምህርት ነው። በባሕር ጠረፍ ዐለት ላይ ፍጥረታት መድረቅን በሚችሉበት መጠን ከላይ እስከ ታች ተደርድረው ይኖራሉ። በጣና ዳርም ደንገሉ ውኃው ውስጥ፣ ሣሩ ከእርጥቡ መሬት፣ ቁጥቋጦው ከደረቁ ላይ ቦታ ቦታውን ይዟል። ደንገሉ ለምን እዚህ ላይ እንደሚያቆም መርምሮ የተረዳ ተማሪ፣ አንድ ቀን ቀይ ባሕርን ቢያይ ጠረፉን ማንበብ አያቅተውም።

ሁለት ምሳሌ እንጨምር። ሰፍነግን የምናውቀው ከወንጌል ነው፤ እንስሳ መሆኑን ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? ከሰፍነግ ዓይነቶች የሚበዙት የባሕር ናቸው። ሆኖም በ1999 ሊቃውንት በጣና የሚኖር አንድ ሰፍነግ ማኬዲያ ታኔንሲስ ብለው ሰይመው ለዓለም አስታውቀዋል። የባሕሩ ዘመድ ከደጃችን አለ ማለት ነው።

ሁለተኛው ነጭ ዓሣ ነው። አጥማጆች በአንድ ስም የሚጠሩትን ይህን ዓሣ ሊቃውንት በጣና ውስጥ 15 ዓይነት አድርገው ለይተውታል። ወገኑ በመንጋጋው ላይ ጥርስ የሌለው ሲሆን ከ15ቱ 8ቱ ሌላ ዓሣ እየበሉ ይኖራሉ። ከእነዚህ ዓይነቶች በርካቶቹ በክረምት እንደ ጉማራና እንደ ርብ ወዳሉት ወንዞች ወጥተው ይራባሉ። ሳልሞን ከባሕር ወደ ወንዝ እንደሚወጣ በመጽሐፍ የተማርነው ነገር እዚህ በዓይናችን ፊት ይፈጸማል። በወንዙ አፍ ላይ የተዘረጋ መረብ ግን እንቁላሉን ሳይጥል ይይዘዋል፤ በዚህም ምክንያት ቁጥሩ እጅግ እንደ ቀነሰ ጥናቶች አሳይተዋል። እንግዲህ ትምህርቱ ቢዘገይ የሚጠፋው የፈተና ውጤት ብቻ አይደለም።

የምንጠይቀው ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣ አይደለም። በየሜትሩ የተቋጠረ የ20 ሜትር ገመድ፣ ጎኑ አንድ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን እንጨት፣ ከአሮጌ አጎበር የተሰፋ ትንሽ መረብ፣ አንድ ደብተር ይበቃል። በጥቅምት፣ በጥርና በግንቦት ወደዚያው ቦታ ሄደን፣ ገመዱን በዚያው መስመር ዘርግተን ያየነውን እንቁጠር። በቀንድ አውጣ አማካይነት የሚተላለፍ ቢልሃርዝያ ስላለ ግን ማንም በባዶ እግሩ ውኃ ውስጥ አይግባ፤ የላስቲክ ቦቲ ይዘጋጅልን። ጉማሬ ያለበትን ቦታ የሚያውቁትን የታንኳ ባለቤቶችና አጥማጆችም በመምህርነት እንጋብዛቸው።

ከሁሉ በላይ ደብተሩ አይጣል። በክፍሉ ተቀምጦ የሚመጣው ዓመት ተማሪ ይቀጥልበት። እምቦጭ በጣና መኖሩ በ2011 ሲታወቅ፣ ከዚያ በፊት በየዳርቻው በተማሪዎች እጅ የተጻፈ የሃያ ዓመት ደብተር ቢኖር ኖሮ፣ አረሙ የትኛውን ዳር መቼ እንደ ያዘ፣ ምንን እንዳፈናቀለ ቁጥር ጠቅሰን በተናገርን ነበር። ለሚመጡት የምናወርሰው ይህንኑ መዝገብ ይሁን።

ከመካከላችን ብዙዎቹ ነገ መምህራን ይሆናሉ። አንዱ ሐዋሳ፣ አንዱ ዝዋይ፣ አንዱም ከአንዲት ኩሬ በቀር ውኃ ከሌለበት ወረዳ ይመደባል። ያቺ ኩሬም ዳርቻ አላት። ተማሪዎቹን ይዞ ወደ እርሷ ይውረድ፤ የባሕር ኮከቡን ሥዕል ከዚያ በኋላ ቢያሳያቸው ይገባቸዋል።